ሰውን ማመን ቀብሮ ነው

ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክህደት ከተፈጸመ በኋላ፣ ከንፈር ተመጦ ነው። «ያልሆንኩለት ነገር የለም፤ ወይ ሰውን ማመን ቀብሮ!» ይባላል። ሰው አፈር እስኪለብስ ድረስ አይታመንም እንደ ማለት ነው።

ሚስጥሩ ያለው «ቀብሮ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። «አይቶ» ወይም «ፈትኖ» አላለም። የተቀበረ ሰው ሌላ ተራ የለውም፤ ሃሳቡን አይቀይርም። ስለዚህ እኔ ተረቱን ሰው ሁሉ ከሃዲ ነው ብዬ አልተረጉመውም። ጨዋታው ሳያልቅ ውጤት አይነገርም የሚል ነው የሚመስለኝ።

ሰው መቼ ይታመናል የሚለውን ጥያቄ ሂሳበኞችም አንስተውታል። በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አልበርት ታከር በእስረኞች ታሪክ አዋዝቶ አቀረበው። ሁለት ግብረ አበሮች ለየብቻ ይጠየቃሉ እንበል። ሁለቱም ዝም ካሉ አንድ አንድ ዓመት ይታሰራሉ። አንዱ ብቻ ሚስጥሩን ካወጣ እሱ በነጻ ይሄዳል፣ ዝም ያለው 5 ዓመት ይገባል። ሁለቱም ካወጡ ሦስት ሦስት ዓመት። ሲሰላ፣ ጓደኛ ዝም አለም አላለም ማውጣቱ ያዋጣል። ሁለቱም ይህን ብልጠት ያስቡና ሦስት ሦስት ዓመታቸውን ይከናነባሉ።

ጨዋታው ሲደጋገም ግን ሌላ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት አክስልሮድ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በዚሁ ጨዋታ ደጋግሞ ሲያጋጥም ያሸነፈው የአናቶል ራፖፖርት አጭር ፕሮግራም ነበር። መጀመሪያ ይተባበራል፣ ከዚያ ሌላው ያደረገውን ይመልሳል። እኛ «ብድር በምድር» ብለን የጨረስነው ነገር ነው!

ዕቁብም እንዲሁ ነው። 12 ሰው በየወሩ 5,000 ብር ይጥላል እንበል። መጀመሪያ የወጣለት 60,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ 55,000ው ገና ያልከፈለው የሰው ገንዘብ ነው። በልቶ ቢጠፋስ? የመጨረሻው ባለዕጣ ግን ከፍሎ ስለጨረሰ የሚክደው ነገር የለውም። ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ቀብር መጠበቅ አይቻልማ።

የሰፈራችን የዕቁብ ዳኛ ይህን ተረት ከአፋቸው አይለዩትም። አንድ ቀን ዕጣ የወጣለት ልጅ «እኔንም አያምኑኝም እንዴ ጋሼ?» አላቸው። ሳቁ። «አምንሃለሁ እንጂ ልጄ» አሉት። ብሩን ግን ዋሱ መጥቶ እስኪፈርም ድረስ ጉያቸው ውስጥ እንደያዙት ነበር።