እቁብ ምንድን ነው? ቁጠባ ነው ወይስ ብድር?

ሁለቱም ነው። የትኛው እንደሚሆንላችሁ የሚወስነው ዕጣችሁ የሚወጣበት ወር ነው። ብዙ ሰው ግን ሲገባ ይህን አያስብም። "እቁብ ጀመርኩ" ይልና ቁጠባ የጀመረ ይመስለዋል።

በቁጥር እንየው። 10 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል። በየወሩ 50,000 ብር ይሰበሰባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ጠቅልሎ ይወስዳል። 10 ወር ሲሞላ እያንዳንዱ 50,000 ጥሎ 50,000 ወስዷል። ማንም አላተረፈም፣ ማንም አልከሰረም። እንደዚህ ሲባል ነው የምንሰማው።

መጀመሪያ የደረሳት ሴት ግን 5,000 ጥላ 50,000 ይዛ ሄደች። 45,000ው ብድር ነው። ወለድ የለበትም፣ የቤት ካርታ አልተጠየቀችም፣ ባንክ ቤት ደጅ አልጠናችም። አበዳሪዎቿ የተቀሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አምስተኛው 25,000 ጥሎ 50,000 ስለሚወስድ ግማሹ የራሱ ነው፣ ግማሹ ብድር። አሥረኛው ደግሞ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲያበድር ከርሞ የራሱን ገንዘብ መልሶ ይቀበላል። ለእሱ እቁቡ ቁጠባ ነው፣ ያውም ወለድ የሌለው።

ምን ያህል ቀረበት? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በ7 በመቶ ብናሰላው፣ ይኸው ሰው በየወሩ 5,000 ብሩን ባንክ ቢያስገባ ኖሮ እስከ አሥረኛው ወር የሚያገኘው ወለድ 1,300 ብር ገደማ ነው። ለዚህ ብሎ እቁብ የሚተው ሰው የለም፣ ልክም ነው። የሚጎዳው የዋጋ ንረቱ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያኔ ፍሪጅ እገዛበታለሁ ብሎ የመጨረሻውን ዕጣ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ብሩን ሙሉ ተቀበለ፣ ፍሪጁ ግን በዚያ ብር አልነበረም። ስለዚህ ዋጋው በየወሩ የሚጨምር ዕቃ ለመግዛት ካሰባችሁ ረጅም እቁብ አይመከርም። ለእኔ ከአንድ ዓመት በላይ የሚሄድ የወር እቁብ ራሱ ይበዛል።

ታዲያ ሰው ለምን አይተወውም? እጅ ላይ ያለ ገንዘብ አይበረክትማ! ባንክ ያለውም ቢሆን ዛሬ በስልክ ሁለት ሦስት ቁጥር ተነክቶ ይወጣል። እቁብ ውስጥ የገባው አይነካም። ገበያ ውስጥ የቀን እቁብ ሲሰበሰብ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። ሰብሳቢው ጠርዙ የተበላ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከመደብር መደብር ይዞራል፣ ቲማቲም ሻጯ ገና ሳትጠየቅ ከመቀነቷ የተጣጠፈ ብር ፈታ ትሰጠዋለች፣ እሱም ስሟ ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ገበያው ቀዝቅዞ የዋለ ዕለት እንኳን ከሌላ ሰው ተበድራም ቢሆን ትጥላለች። ጎረቤቷም እቁብተኛ ናታ፤ በእሷ ፊት "ዛሬ የለኝም" ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ወጪ የሚያበዛብን ነገር ነው፤ እዚህ ጋ ግን ለቁጠባ ሠራ።

አስቸኳይ ገንዘብ የፈለገ ሰው ዕጣ ይገዛል። ዕጣ የወጣለት "ለእኔ አይቸኩልም" ካለ ተራውን ለቸገረው ይለቅና ትንሽ ብር ይቀበላል፣ እሱ ወደ ቀሪዎቹ ይመለሳል። ለ50,000 ብር ዕጣ 3,000 ከተከፈለ፣ ያ 3,000 በሌላ ስሙ ወለድ ነው። ነውር የለውም፣ ብቻ አስሉት። ከእቁቡ መጨረሻ አካባቢ ዕጣ መግዛት ምንም አያዋጣም፤ ሁለት ወር ቢታገሡ በነፃ ለሚደርስ ገንዘብ ነው የሚከፈለው።

ሰው የሚጣላው ዋስ ላይ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በልቶ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፣ ትልልቅ የነጋዴ እቁብ ላይ ቼክም ይያዛል። በብዙ እቁብ ዋስ መሆን የሚችለው ገና ዕጣ ያልወጣለት አባል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያኛው ቢጠፋ ከዋሱ ዕጣ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ "ዋስ ሁነኝ" ስትባሉ የምትፈርሙት በራሳችሁ 50,000 ላይ ነው። ሰውየው ሌላ እቁብ እንዳለበት ሳትጠይቁ አትፈርሙ። አንዱን እቁብ በሌላው የሚጥል ሰው አለ፤ እንደዚያ ያለው አንዱ ቦታ ሲደናቀፍ ሁለቱም ጋ ነው የሚቀረው።

ከእድር ጋር የሚያምታቱት አሉ። የእድር መዋጮ ለሐዘን ነው፣ ተራ ጠብቆ ለእያንዳንዱ አይመለስም። እቁብ ላይ የጣላችሁት ይመለሳል።

ከመግባታችሁ በፊት ሰብሳቢውን የምትጠይቁት ነገር አለ። መጀመሪያ የመጣያው ቀን። ደመወዝ በወጣ ማግስት ቢሆን ደግ ነው፤ በ20 ከሆነ ኪሳችሁ ባዶ ሆኖ ነው የሚደርስባችሁ። ሰብሳቢው ለድካሙ የሚወስደው ምንድን ነው? አንዳንዱ ጋ የመጀመሪያው ዕጣ የእሱ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ከየዕጣው ትንሽ ይቆረጣል። ቁርጥ ያለ ቀን ያለው ወጪ ካለባችሁ፣ ለምሳሌ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕጣን አትመኑ፤ ጥር ላይ ቢወጣላችሁስ? የሚተዋወቁ ሰዎች ከሆናችሁ ዕጣውን ትታችሁ ተራውን በስምምነት መደልደል ይቻላል። የቢሮ እቁብ ላይ ይህ ጥሩ ይሠራል።

ገንዘቡን በካሽ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ። "ጥያለሁ፣ አልጣልክም" ሲመጣ መልእክቱ ይመሰክራል። ሥራ የሚለቅ፣ ውጭ አገር የሚሄድ ወይም የሚሞት አባል ቢኖር ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጻፉና ሁሉም ይፈርምበት። ይህን "ሟርት ነው" ብሎ የሚያልፍ ሰብሳቢ ካጋጠማችሁ ሌላ እቁብ ፈልጉ።