በቻይና ጥንታዊ ሳንቲም ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?

መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የቻይና የነሐስ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዓመቱን ነው። አብዛኞቹ ላይ ግን ዓመት የለም። ያለው የዘመን ስም ነው። ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አራቱ ፊደላት ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዘመኑን ስም ይይዛሉ። የቀሩት ሁለቱ ገንዘብ መሆኑን ይገልጻሉ። በብዙ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሳንቲሞች ላይ ግን ንባቡ ከላይ ተነስቶ በቀኝ በኩል ይዞራል። ስለዚህ አንዱ አነባበብ ትርጉም ካልሰጠ ሌላውን ይሞክሩ።

የዘመን ስም የንጉሡ የግል ስም አይደለም። ንጉሡ ለዘመኑ የሚያወጣው መጠሪያ ነው። ከ1736 እስከ 1795 (እ.ኤ.አ.) የቆየው ዘመን "ቺያንሎንግ" ይባላል፤ የንጉሡ ስም ግን ሆንግሊ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሥርወ መንግሥታት፣ በሚንግና በቺንግ ጊዜ በጥቅሉ አንድ ንጉሥ አንድ የዘመን ስም ነበረው፤ ይሄ የሳንቲሙን ጊዜ ማወቁን በጣም ያቀላል። ከዚያ በፊት ግን አንዱ ንጉሥ ደጋግሞ ይቀይር ነበር። የሶንጉ ንጉሥ ሬንዞንግ ብቻ ብዙ የዘመን ስሞች ነበሩት።

ትልቁ ወጥመድ "ካይዩዋን" የሚል ቃል ያለበት ሳንቲም ነው። ቃሉ ከ713 እስከ 741 የነበረ የዘመን ስም ስለሆነ ብዙ ሰው ሳንቲሙንም የዚያ ጊዜ ያደርገዋል። ሳንቲሙ ግን መሠራት የጀመረው በ621፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት መነሻ ላይ ነው። በሳንቲሙ ላይ ያለው ቃል የዘመን ስም አልነበረም።

የቺንግ ሳንቲም ከሆነ ጀርባውንም ይዩት። በማንቹ (የቺንግ ነገሥታት ሕዝብ) ፊደል የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የት እንደተሠራ ይናገራል።