የቪክቶሪያ ሐኪሞች ማህበር፦ ከለንደን ቅርንጫፍነት እስከ ዛሬ

ሜልበርን ዋና ከተማዋ የሆነችው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ሐኪሞች ማህበር ረጅም ታሪክ አለው። አብዛኛው ደግሞ የክርክር ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከወርቅ ይጀምራል። በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ ሰው ከየአገሩ ጎረፈ፤ ሐኪሙም፣ ሐኪም ነኝ ባዩም አብሮ መጣ። በ1855 ሐኪሞቹ የቪክቶሪያ ሕክምና ማህበርን አቋቋሙ፤ በዓመቱ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በ1879 ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ መቀመጫው ለንደን የሆነውን የብሪታኒያ ሕክምና ማህበርን ቅርንጫፍ እዚያው ሜልበርን ከፈቱ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆይተው በ1907 ተዋሃዱ።

ከዚያ በኋላ የሐኪሞቹ ማህበር ጉልበት አገኘ። የመጀመሪያው ትልቅ ፀብ ከመረዳጃ ማህበራት ጋር ነበር። እድርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ሠራተኛው በየጊዜው መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም ማህበሩ ሐኪም ያቀርብለታል፣ ሲሞት የቀብር ወጪውን ይሸፍናል። ሐኪሙ በኮንትራት ተይዞ በአባል ቁጥር ነበር የሚከፈለው። ክፍያው አነስተኛ ነው፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም በርካሽ ለመታከም አባል ይሆናሉ እያሉ ሐኪሞቹ ያማርሩ ነበር። በ1918 የመረዳጃ ማህበራቱን ሥራ አንድ ላይ ለቀቁ። በመጨረሻ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ አዲስ ክፍያ ተወሰነ። ቅሬታቸው እውነት ነበረው። ግን ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፣ ሐኪም ያጣውም የደሞዝተኛው ቤተሰብ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ከናዚ ሸሽተው የመጡ አይሁዳውያን ሐኪሞች ፈቃድ እንዳያገኙ ማህበሩ ተከራከረ። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንደገና ተማሪ ቤት ገቡ። ይህ ልክ አልነበረም። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ተመርቆ አውስትራሊያ የገባ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ፈተና ሳያልፍ አይሠራም፤ ፈተናው ግን ለታካሚው ደህንነት ነው፣ ያኔ የነበረው ደግሞ በአብዛኛው የገበያ ፍርሃት ነበር።

ትልቁ ፍልሚያ የመጣው በ1940ዎቹ ነው። የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት መድኃኒት ለሕዝቡ በነፃ ለመስጠት በ1944 ሕግ አወጣ። የቪክቶሪያ ሐኪሞች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በ1945ም ሕጉ ወደቀ። መንግሥት ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1946 በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። ሆኖም የተቃዋሚው መሪ ሜንዚስ ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሐኪምንና የጥርስ ሐኪምን በግዳጅ ማሠራት እንዳይቻል የሚል ሐረግ ገባበት። ሐኪሞቹ በዚህች ሐረግ አሸነፉ። አዲሱ ሕግ ሐኪሙ በነፃ የሚሰጠውን መድኃኒት በመንግሥት ፎርም ላይ ካልጻፈ 50 ፓውንድ ይቀጣል ይል ነበር፤ ማህበሩ አባላቱን ፎርሙን አትንኩ አለ፣ አልነኩትምም። በ1949 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ4 ለ2 ድምፅ ግዴታው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። እኔ ስፈርድ፣ አንድ ወረቀት መሙላት የሐኪምን ነፃነት ይነካል ማለት በጣም የተለጠጠ ነው፤ የተጎዳው መድኃኒት መግዛት ያቃተው ሰው ነው። ሜንዚስ በ1949 መጨረሻ ሥልጣን ያዙ፣ በ1950ም 139 ሕይወት አድን መድኃኒቶችን በነፃ መስጠት ተጀመረ፤ ዛሬ አውስትራሊያውያን የሚመኩበት የመድኃኒት ድጎማ ሥርዓት ከዚያ ነው ያደገው።

ከለንደን ጋር የነበረው ገመድ በ1962 ተበጠሰ። የአውስትራሊያ ሕክምና ማህበር ተመሠረተ፣ የቪክቶሪያውም የእሱ ቅርንጫፍ ሆነ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሲል ኮልቪል ራሳቸው የሜልበርን ሐኪም ነበሩ።

አሁን ክርክሩ ሌላ ነው። የቪክቶሪያ ጀማሪ ሐኪሞች ለሠሩበት የትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም ብለው ከሰሱ፣ በ2023ም የፌዴራል ፍርድ ቤት ለአንዷ ፈረደላት። በዚህኛው እኔም ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዎርድ ውስጥ ሲሯሯጥ ያደረ ሰው የሠራበት ሊከፈለው ይገባል።