እንቅርትና ዓይን፦ ታይሮይድ እይታን እንዴት ይነካል?

ወሎ ውስጥ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። በተለይ ደጋው አገር አንገታቸው ያበጠ እናቶችን አይቶ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ያልሰማው ግን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሲታመም ጣጣው ዓይን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

አንድ ነገር እንለይ። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት በራሱ ዓይን አያስፈጥጥም። የአፍዴራው ጨው አዮዲን እንዲገባበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ደንብ የተደነገገው እንዲህ ዓይነቱን እንቅርት ለመከላከል ነው። ዓይን የሚያስፈጥጠው አብዛኛውን ጊዜ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ እጢውን ይነካካና እጢው ሆርሞን ያለ ልክ ያመርታል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። ይኸው መከላከያ ከዓይን ኳስ ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻም ያሳብጣል፤ ዙሪያው አጥንት ስለሆነ መስፊያ የለውም፣ ስለዚህ ኳሱ ወደ ፊት ይገፋል።

የላይኛው የዓይን ቆብ ወደ ላይ ይሸሻል። ሰውየው የተቆጣ ይመስላል፤ «ምን ታፈጥብኛለህ?» የሚባል በሽተኛ አለ፣ በጣም ያሳዝናል። ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፣ ሲተኙ በደንብ አልከደን ይላል። ጡንቻው ሲያብጥ ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል።

ችግሩ እኛ ጋ የሚቆረቁር ዓይን ሁሉ ማዝ (ትራኮማ) ነው ወይም የጭስ ነው መባሉ ነው። ትራኮማ በአማራ ክልል ስለበዛ ግምቱ አይፈረድበትም። ግን ቅባት ተገዝቶ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ወራት ይሄዳሉ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን አይቅር! ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የቆየ ስም አለው። የታይሮይድ የደም ምርመራም አብሮ ይታዘዝ። ዓይኑ ከእጢው ቀድሞ የሚታመምበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም ደሙ ደህና ሆኖ ዓይኑ ይታመማል። አንገት አላበጠም ብሎ መተው አይሆንም።

አስቸኳዩ ምልክት ሌላ ነው። እብጠቱ የእይታ ነርቭን ሲጫን ቀለም ይደበዝዛል፣ በተለይ ቀይ። የበርበሬው ቅላት የፈዘዘ ከመሰለ ወይም እይታ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፣ ዓይን ሊጠፋ ይችላልና።

ሆርሞን ሲያንስ ነገሩ ቀለል ይላል። የዓይን ዙሪያ ያባብጣል፣ የቅንድብ ጫፍ ይሳሳል፣ እይታ ግን እምብዛም አይጎዳም።

ሕክምናው ይለያያል። ቀላል ከሆነ ሰው ሠራሽ እንባ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት። ከባድ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት)፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና። ሆርሞኑ መስተካከል አለበት፣ ኪኒን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የለም። ለግሬቭስ የሚሰጠው ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን (እጢውን በጨረር የሚያዳክም መድኃኒት) የዓይኑን ሕመም ሊያባብስ ስለሚችል ዓይናችሁ ታሞ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሲጋራ ደግሞ በሽታውን ያከፋል፣ መድኃኒቱንም ያዳክማል፤ በርጫ ላይ ብቻ ነው የማጨሰው የምትል ወንድሜ፣ እሱም ይቆጠራል። እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ይረጋጋል፤ የፈጠጠው ዓይን ግን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ቀሪውን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምናም የሚሠራው ሕመሙ ከተረጋጋ በኋላ ነው።