«ቪዲዮ ካለ አለቀ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ ቤተ እስራኤላውያንና የእስራኤል ፖሊስ

እስራኤል ውስጥ የኛ ልጆች ከፖሊስ ጋር በተጋጩ ቁጥር አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ አስተያየት ሰጪ ይሆናል። አዲስ አበባም፣ ነታንያም፣ ዋሽንግተንም የሚባለው ተመሳሳይ ነው። ከሚባለው ውስጥ ጥቂቱ እውነት ነው። ብዙው ደግሞ ወይ ግማሽ እውነት ነው፣ ወይ ከናካቴው ስህተት። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልጥቀስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ነገሩ የተጀመረው በ2019 ነው»

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሰለሞን ተካን ሞት ነው። ጁን 30 ቀን 2019 ምሽት፣ ሃይፋ ቂርያት ሃይም ውስጥ፣ ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ የተኮሰው ጥይት ገደለው። በማግስቱ አገር ምድሩ በተቃውሞ ተቃጠለ።

ግን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ይሁዳ ብያድጋ ባት ያም ውስጥ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል። የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ የአእምሮ ሕመምም ነበረበት። ቢላዋ ይዞ መውጣቱ ያስጨነቀው ቤተሰብ ነበር የድረሱልን ጥሪ ያሰማው። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ 2014 ላይ ዮሴፍ ሳላምሳን እናገኛለን። በቴዘር (በኤሌክትሪክ ንዝረት በሚያደነዝዝ መሣሪያ) ተመትቶ ከተያዘ ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ቤተሰቡ ሁለቱን ነገር ለይቶ ማየት አልቻለም።

ሥሩን ፍለጋ ከሄድን 1996 ድረስ ይወስደናል። የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም ኤች አይ ቪን ፈርቶ በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በውሃ ተቀበለው። የዛሬዎቹ ሰልፈኞች ወላጆች ያን ቀን እዚያ ነበሩ።

«ቪዲዮ ካለ ፍርድ አይቀርም»

ይህን ስሰማ ሁሌም ወታደሩ ደማስ ፓካዳ ትዝ ይለኛል።

ኤፕሪል 26 ቀን 2015፣ ሆሎን። ደማስ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። ፖሊሱ «አጠራጣሪ ዕቃ አለ፣ ከዚህ ሂድ» ይለዋል። ከዚያ ይገፋዋል፣ ይመታዋል፤ አንድ በጎ ፈቃደኛም ያግዘዋል። የታሰረው ማን ነው? ደማስ። ክሱ ምንድን ነው? ፖሊስ መምታት። ያዳነው አጠገቡ የነበረ የጥበቃ ካሜራ ነው። ቪዲዮው ባይወጣ ኖሮ የፖሊሱ ቃል ብቻ ይዘገብ ነበር፤ ልጁም ሪከርድ ይዞ ይቀር ነበር።

እዚህ ጋ ሌላ አባባልም አብሮ ይፈርሳል። ወላጆች ልጆቻቸውን «ሠራዊት ግባ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካህም» ይሏቸው ነበር። ደማስ በዩኒፎርም ነው የተመታው። ሕዝቡን ያንገበገበው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ቪዲዮው ምን አደረገ? ኤፕሪል 30 ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። ሜይ 3 ደግሞ ቴል አቪቭ የአያሎን አውራ ጎዳና ለሰዓታት ተዘጋ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ደማስን ቢሯቸው ጠርተው አነጋገሩት። ፖሊሱም ከሥራ ታገደ።

ግን ክስ አልተመሠረተም። ጁን ላይ የመንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ የፖሊሱን መዝገብ ዘጋው። ሙሉው ቀረጻ ሲታይ ወታደሩም አልታዘዝም ብሏል፣ ኃይልም ተጠቅሟል የሚል ነበር ምክንያቱ። እኛ ያየነውና አቃቤ ሕግ ያየው ምስል አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ለየቅል ሆነ።

ስለዚህ ቅረጹ፤ በአደባባይ ሥራ ላይ ያለን ፖሊስ መቅረጽ ወንጀል አይደለም፤ ሥራውን አለማደናቀፍ ብቻ ነው። ግን ቪዲዮ ለብቻው ዳኛ አይሆንም። የምስክር ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሕክምና ማስረጃ አብረው ካልተያዙ ሦስት ቀን ፌስቡክ ላይ ይዞርና ይረሳል።

«ማሐሽ ያው ፖሊስ ነው፤ መክሰስ ዋጋ የለውም»

ማሐሽ ፖሊሶችን የሚመረምረው ክፍል ነው። ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው እንጂ በፖሊስ ሥር አይደለም። የፖሊስ አለቃ ሊያዘው አይችልም።

ታዲያ ሰው ለምን አያምነውም? ምክንያት አለው። ለረጅም ጊዜ ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ከፖሊስ የመጡ ነበሩ። ሳይከሰስ የሚዘጋው አቤቱታም ብዙ ነው። ቅሬታው ከባዶ አልተነሳም።

ግን «ዋጋ የለውም» ብሎ መተው ሌላ ችግር ያመጣል። አቤቱታ ያላስገባ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም፤ መዝገብ ከተዘጋ ግን ለአቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ፣ ያልተመዘገበ ድብደባ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አይቆጠርም። ሚኒስቴሩም ክኔሴቱም (ፓርላማው) የሚያዩት የተጻፈውን ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ማሐሽ የሚያየው ከአንድ ዓመት በላይ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ሲሆን ነው። የስድብና የሥነ ምግባር አቤቱታ የሚሄደው ወደ ፖሊስ የሕዝብ ቅሬታ ክፍል ነው። ብዙ ሰው በሩን ተሳስቶ ከተመለሰ በኋላ «አይ፣ አይሰሙንም» ብሎ ይተወዋል።

«ፖሊስ ተዑዳት ዘሁት (መታወቂያ) ከጠየቀ ያለ ምክንያትም ቢሆን መብቱ ነው»

ከሁሉም በላይ ልጆቹን ያማረራቸው ይህ ነው። አንዱ ከጓደኞቹ ጋር መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፖሊስ መጥቶ መታወቂያ ይላል። ነጭ ጓደኛው አይጠየቅም። «ለምን እኔን?» ሲል ድምፁ ከፍ ይላል። ድምፁ ከፍ ሲል «ፖሊስ አደናቀፍክ» ይባላል። ምንም ወንጀል ሳይሠራ የገባበት ንግግር በወንጀል መዝገብ ያልቃል። መናፈሻ ውስጥ በመቀመጥ የተጀመረ ስንት ፋይል አለ መሰላችሁ።

ሕጉ የ1982 ነው። 16 ዓመት የሞላው ነዋሪ መታወቂያ ይዞ መሄድና ለፖሊስ ሲጠየቅ ማሳየት አለበት ይላል። ፖሊስ ይህን «ማንንም፣ በማንኛውም ጊዜ» ብሎ ሲሠራበት ኖረ። «ጠበቃ» የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የሕግ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው። ጃንዋሪ 2021 ላይ ውሳኔ መጣ፦ ፖሊስ በቂ ምክንያት ሳይኖረው መታወቂያ መጠየቅ አይችልም። የቆዳ ቀለም ደግሞ ምክንያት አይደለም።

በእኔ እይታ ከሰልፎቹ ሁሉ ትልቁ ድል ይህ ነው። የሚያሳዝነው ግን መንገድ ሲዘጋ የሰማው ሰው ብዙ ነው፣ ውሳኔውን የሰማው ጥቂት። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናቶችና አባቶች ጋ ምን ያህል እንደደረሰ እጠራጠራለሁ።

ወረቀት ላይ የተጻፈ መብት መንገድ ላይ ወዲያው አይገኝም። ፖሊስ ሲጠይቅ መታገል አያዋጣም። ምክንያቱን በትህትና መጠየቅ፣ ስሙን ማየት ይሻላል። ፖሊስ ማንነቱን የመግለጽ ግዴታ እንዳለበት ሕጉ ይላል። ቀሪው የወረቀት ሥራ ነው፣ እሱም በነጋታው ይደርሳል።

«ለማንኛውም ሰልፍ ፈቃድ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ፈቃድ የሚጠየቀው 50 ሰውና ከዚያ በላይ ከቤት ውጭ ተሰብስቦ የፖለቲካ ንግግር የሚደረግበት ከሆነ፣ ወይም በሰልፍ የሚጓዝ ከሆነ ነው። አሥር ሆናችሁ መፈክር ይዛችሁ አደባባይ ብትቆሙ ማንንም አታስፈቅዱም። መንገድ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው።

«መንገድ የሚዘጉ ጋጠወጥ ጎረምሶች ናቸው»

2019 ላይ ጎማና መኪና ተቃጥሏል፤ አልክድም። ከ100 በላይ ሰው ታስሯል። ፖሊስም ከ100 በላይ ባልደረቦቼ ቆስለዋል ብሏል። ለሰዓታት መኪናው ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ግን ከዚያ ሳምንት አንድ ነገር ልጥቀስ። የሰለሞን አባት፣ ልጃቸውን በቀበሩ ማግስት፣ ሺቫው እስኪያልቅ ሰልፉ ይቁም ብለው ለመኑ። ሺቫ የሰባት ቀን ለቅሶ ነው። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ አባት ነው እንግዲህ ወጣቱን ያረጋጋው። ዜናው ያሳየው ግን በአብዛኛው የሚነደውን ጎማ ነበር።

«ኢማሆት ዓል ሃሚሽማር» የሚባሉ እናቶችም አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው መፈክር ይዘው የሚቆሙ፣ ልጄ ማታ ወጥቶ እስኪገባ አልተኛም የሚሉ ሴቶች ናቸው። ጎረምሳ የሚለው ስም እነሱን አይገልጻቸውም።

«ከኋላቸው ፓርቲ አለ፣ የውጭ ገንዘብ አለ»

2019 ላይ ይህ ወሬ በደንብ ተነዝቷል። ሰልፍ ሲያስተባብሩ ከነበሩት አንዱ ጋዲ ይባርከን በዚያው ዓመት በካሆል ላቫን ፓርቲ ክኔሴት ገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ወደ ሊኩድ ተሻገሩ። ሌላው የማኅበረሰቡ ፖለቲከኛ አብርሃም ንጉሤ በሊኩድ ነበሩ። ፕኒና ታማኖ-ሻታ ከየሽ አቲድ ተነስተው 2020 ላይ በካሆል ላቫን ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ፓርቲ አዘጋጅቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይበታተኑም ነበር።

«ሰልፍ ምንም አላመጣም»

ይህን የሚሉት አንዳንዴ ራሳቸው የተሰለፉት ናቸው። ድካማቸው ይገባኛል።

ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የሚመሩት ኮሚቴ ተቋቋመ። 2016 ላይ ሪፖርቱ ወጣ፤ 53 ምክሮች አሉት። ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተቋም ዘረኝነት እንዳለ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፈረ። ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ተከፈተ፤ ኃላፊው አወቀ ዜና ሆኑ። 2018 ላይ ደግሞ ፕሬዝዳንት ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ ሻኬድ በወጣትነታቸው በቀላል ጥፋት ተከሰው እስር ያልተፈረደባቸው የማኅበረሰቡ ልጆች ሪከርዳቸው እንዲሰረዝላቸው እንዲያመለክቱ ጥሪ አደረጉ።

ታዲያ ሰው ለምን «ምንም» ይላል? ሪፖርቱ ከወጣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ጉባኤ ላይ ተጠየቁ። ስደተኛ በየአገሩ በወንጀል ውስጥ ከሌላው ይልቅ ይገኛል፣ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል መልስ ሰጡ። አገር ምድሩ ጮኸ፤ እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ቆዩ። ሰለሞንን የገደለው ፖሊስ ሲከሰስ ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ 2020፣ ክሱ በቸልተኝነት ሞት ማድረስ ነበር። ጥይቱ መሬት ተኩሶ የነጠረ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ሲጠይቅ የነበረው ከዚያ የከበደ ክስ ነው።