የዓመት መዝጊያ የገቢ ማሰባሰቢያ ዘመቻ በአሜሪካ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት

በአሜሪካ የሚገኙ የኢትዮጵያውያን በጎ አድራጎት ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማዕከላት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ የሚያካሂዱት የገቢ ማሰባሰብ ሥራ የዓመት መዝጊያ ዘመቻ ይባላል። ጊዜውን የወሰነው የግብር ሕጉ ነው፤ በሕጉ አንቀጽ 501(ሲ)(3) መሠረት በበጎ አድራጎትነት እውቅና ላገኘ ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ ከዓመቱ ግብር ታሳቢ ገቢ ሊቀነስ የሚችለው እስከ ዲሴምበር 31 ማለትም አብዛኛውን ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ከተሰጠ ነው። በዚያ ቀን ፖስታ ቤት የገባ ቼክ ዘግይቶ ቢደርስም፣ በክሬዲት ካርድ የተከፈለውም ዕዳው በጃንዋሪ ቢወራረድም፣ የአሮጌው ዓመት ልገሳ ሆኖ ይቆጠራል። ቃል የተገባ ገንዘብ ግን እጅ እስኪገባ ድረስ ለሰጪው አይታሰብለትም። ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ ገጽ ለአንድ ግለሰብ ችግር የሚዋጣውም፣ ምንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ከግብር አይቀነስም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከሰጠ በኋላ ነው።

የግብሩ ማበረታቻ ለብዙዎች ትርጉም አጥቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ መደበኛውን ተቀናሽ፣ ማለትም ማንም ወጪውን ሳይዘረዝር ከገቢው የሚቀንሰውን መጠን፣ ከፍ ስላደረገው፣ አብዛኛው ቤተሰብ ልገሳውን ለይቶ ማስመዝገብ አላስፈለገውም። ከ2026 ጀምሮ ግን ወጪያቸውን በዝርዝር የማያስመዘግቡም እስከ 1,000 ዶላር፣ በጋራ የሚያሳውቁ ባልና ሚስት ደግሞ እስከ 2,000 ዶላር የጥሬ ገንዘብ ልገሳ መቀነስ ይችላሉ።

ለእኛ ማኅበራት ዋናው የዕቅድ ሥራ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ማስታረቅ ነው። ከአሜሪካ የምስጋና በዓል (ታንክስጊቪንግ) ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው የልገሳ ቀን ጊቪንግ ቱስዴይ፣ ኅዳር 15 ቀን በሚገባው ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ጾም ምጽዋት የሚታሰብበት ጊዜ ስለሆነ ለጥሪው ይመቻል፤ ነገር ግን ይህን ዘንግቶ ለገቢ ማሰባሰቢያው የእራት ግብዣ ዶሮ ወጥና ክትፎ ያዘዘ ኮሚቴ ግማሹን እንግዳ በሰላጣ ይሸኛል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ደግሞ ስለት ያለበት ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የለየበት ቀን ነው። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ስለሚከበር፣ ጥሪውን በበዓሉ ላይ ያንጠለጠለ ማኅበር የግብር ዓመቱ ከተዘጋ ከሳምንት በኋላ ይነቃል። በሙስሊም ማኅበራት ዘንድ ዋናው የመስጫ ወቅት ረመዳን በመሆኑ፣ ዲሴምበር ሁለተኛ ቦታ ይይዛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው የለጋሾች መዝገብ ነው። ፀሐይ የምትባል አንዲት ሴት በቼኳ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ በባንክ ዝውውሩ ላይ በሌላ፣ በእራት ትኬቱ ላይ በሦስተኛ ትገኛለች፤ ባልና ሚስትም በየአባታቸው ስም ስለሚጠሩ አንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህ በመስከረም ካልተስተካከለ በታኅሣሥ የሚያስተካክለው ሰው አይገኝም። ባለፈው ዓመት ሰጥተው ዘንድሮ ያልሰጡትን ለይቶ በስልክ መደወልም፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የሚያምር ፖስተር የበለጠ ያስገባል፤ አንድ ታላቅ የሰፈር ሰው ደውለው «ልጄ፣ ዘንድሮ ረሳኸን» ሲሉት እምቢ የሚል ጥቂት ነው።

በግብዣው ምሽት አስተባባሪው ማይክ ይዞ «ሺህ ዶላር የሚል!» ሲል እጅ ይወጣል፤ ሥዕል ወይም መሶብ ለጨረታ ይቀርባል። ችግሩ በማግስቱ ይመጣል፤ የጋለው አዳራሽ ሲበርድ ቃሉም አብሮ ይበርዳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ኮሚቴዎች እጅ ከወጣበት ወንበር ሳይርቁ የካርድ ማንበቢያ ያለው ወጣት ይመድባሉ፣ ቀሪውንም ከታኅሣሥ 22 በፊት ይሰበስባሉ።

ደረሰኝ የመጨረሻው ሥራ ቢሆንም ቅጹ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው ድርጅቱ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከ75 ዶላር በልጦ ለሰጪው በምላሹ የተሰጠው ነገር ካለም፣ ግምቱ ሊነገረው ይገባል፤ በ100 ዶላር ትኬት የ40 ዶላር እራት የበላ ሰው ሊቀንስ የሚችለው 60ውን ብቻ ነው።