እርግማን ምንድን ነው? ከስድብስ በምን ይለያል?

ስድብ «አንተ እንዲህ ነህ» ይላል። እርግማን ደግሞ «እንዲህ ሁን» ይላል። «ደደብ» ያለህ ሰው ናቀህ። «ድፍት ያርግህ» ያለህ ግን ሞትህን ተመኘ። የቃሉ አወጣጥ ከምርቃት ጋር አንድ ነው፦ «ይባርክህ»፣ «ያሳድግህ»፣ «እሳት ይብላህ»። ሁሉም ልመና ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «አሜን» የምንለው፣ ሲረግም የምንደነግጠው ለዚህ ነው።

አማርኛ ሞትን መጥራት አይፈራም። እንግዳ አልበላም ሲል «በሞቴ!» ብለን እናጎርሳለን። «አፈር ስሆን» ብለን እንለምናለን። «ልሙትልህ» እንላለን። ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ሁሉ ቦታ ሞቱን የሚወስደው ተናጋሪው ራሱ ነው። ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ነው እርግማን የሚሆነው። እናት ተናዳ ልጇን ብትረግም እንኳ ወዲያው «ምላሴን ይቁረጠው» ትላለች። ልጁ ፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ዓይኑን ታየዋለች።

ስልክ ላይ ዓይን የለም። አንድ የማውቀው ልጅ በሰሜኑ ጦርነት ወንድሙን አጥቷል። አንድ ማታ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ አርሴናል ሲከራከሩ «አሰልጣኙ ይባረር» ብሎ ጻፈ። አንዱ «ጥይት ይብላህ» ብሎ መለሰለት። ከሥሩ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። የጻፈው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላስብም። በአፉ የለመደውን ነው የጻፈው። ግን ጦርነቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ ጥይት የእውነት የበላው ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። ከስልኩ ወዲያ ያለው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የሚያየው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ያነጣጠረውን ነው። በኳስ ክርክር የተወረወረ እርግማን እዚያ ውስጥ አይገባም። ይግባ ማለቴም አይደለም፤ ይሄ የፖሊስ ሥራ አይደለም፣ የእኛ ነው።

«ቀልድ እኮ ነው» ይባላል። ቀልድ መሆኑን የሚያውቀው ግን የጻፈው ብቻ ነው። ያ ልጅ ምንም አልመለሰም። ስልኩን አሳየኝና «እማዬ ብታየውስ?» አለኝ። አሁንም ግሩፑ ውስጥ አለ፤ መጻፍ ግን ትቷል።